ፎቁስ ይሠራ፣ እኔ ግን የት ነኝ?



ከምኒልክ አደባባይ በሚነሣው የቀላል ባቡር መስመር ላይ «አትክልት ተራ» የሚባል ፌርማታ አለ። ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስሙና ቦታው ይገጥሙ ነበር። ከፌርማታው የወረደ ሰው ብዙም ሳይራመድ የጎመን ቅጠል ይረግጣል፤ ሸክም የያዘ ጎረምሳ ከኋላው «ዞር በል!» ይለዋል፤ የቲማቲም ሳጥን ጫፍ ጎኑን ይወጋዋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የአትክልት ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተወሰደ። የ2013 ጥምቀት ሲቃረብ ታቦታቱ ማደሪያቸውን ፈለጉና ገበያው ከዚያም ተነሥቶ ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው አካባቢ ወረደ። እዚሁ ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተሠርቶ የካቲት 3 ቀን 2016 ተመረቀ። ወር ሳይሞላ የኮሪደር ልማቱ መጣና በመጋቢት ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ የሚባሉት ሰፈሮች ፈረሱ። ዛሬ ፌርማታው ከነስሙ አለ፤ ጎመኑ የለም፤ ጎመኑን ይገዛ የነበረው ሰውም አብዛኛው የለም።

እሪ በከንቱ የሚለውን ስም ልብ በሉልኝ። ጮኾ ጮኾ ሰሚ ያጣ ሰው ያስወጣው ስም ነው ይባላል። በዚህ ሰፈር ስለ ቤት ልናገር ስነሣ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም። ምክንያቱም ዛሬ የምናገረው ስለ ጩኸት ነው፦ ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት ሕንፃ ሊሠራበት የታሰበ ሰፈር ለምን ይጮኻል? በዓለም ዙሪያ ይህ ጩኸት አለ። ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የጩኸቱን ዓይነት ሳይለይ መልስ የሚሰጥ አስተዳደር ደግሞ ለአንዱ የሚሆነውን መድኃኒት ለሌላው ያጠጣል።

ራቅ ብዬ ልጀምር። ራቅ ቢልም የኛ ሰዎች በብዛት የሚኖሩበት ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ አርሊንግተን የሚባል ካውንቲ አለ። እዚያ ወይም በጎረቤቱ በአሌክሳንድሪያ ዘመድ ያላችሁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት አትሆኑም። በአርሊንግተን አብዛኛው የመኖሪያ መሬት ለረጅም ዘመን ተከልሎ የኖረው በአንድ ቦታ አንድ ቤተሰብ ብቻ እንዲኖርበት ነው። የቤት ዋጋ ጣሪያ ሲነካ የካውንቲው ቦርድ በኛ አቆጣጠር በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ደንቡን ለወጠና በአንድ ቦታ ላይ እስከ ስድስት መኖሪያ መሥራት እንዲቻል ፈቀደ። ሃያ ፎቅ አልፈቀደም። የቁመቱ ገደብ እንኳ አልተነካም፤ አንድ ቤተሰብ በሚኖርበት ቁመት ስድስት ቤተሰብ ይኑር ነው የተባለው። በዚህም የቤት ባለቤቶች ተቆጡ፣ ተሰበሰቡ፣ ከሰሱ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. አንድ ዳኛ ደንቡን ሻረው፤ ጉዳዩም ወደ ይግባኝ ሄደ።

ምን ብለው ተቃወሙ? ትምህርት ቤቱ ይጨናነቃል፤ መኪና ማቆሚያ ይጠፋል፤ የጥላው ዛፍ ይቆረጣል፤ የፍሳሽ መስመሩ አይችልም። እነዚህ የፈጠራ ምክንያቶች አይደሉም፤ ፍሳሽ መቼም ፍሳሽ ነው። ግን ከሥራቸው ጮክ ተብለው የማይነገሩ ሁለት ጥያቄዎች ተኝተዋል፦ የቤቴ ዋጋስ? ጎረቤቴ ሆኖ የሚመጣውስ ማን ነው? ይህን ጩኸት «ይሠራ፣ ከኔ ጓሮ ግን ራቅ ይበል» ብለን እንጥራው። የሚጮኸው ሰው የራሱ ይዞታ አልተነካበትም። ማንም ልቀቅ አላለውም። የሚሟገተው ስለ ጎረቤቱ መሬት ነው።

ይህ ዓይነቱ አዲስ አበባም አለ። በቦሌ ወይም በሲኤምሲ ሃያ ዓመት በቪላው የኖረ ሰው አንድ ቀን አጥሩን ተደግፎ ጂ+9 ሲቆም ያያል። ጽጌረዳው ፀሐይ ይከለከላል፤ ግቢው ከላይ እንደ ትሪ ይታያል፤ ሚክሰሩ ሌሊት ይጮኻል፤ የሲሚንቶው አቧራ ከአልጋ ልብሱ ላይ አይለቅም። ይህ ሰው ሕግ አለለት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት በንብረቱ ሲሠራበት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል፤ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና መንቀጥቀጥ በመልካም ጉርብትና ከሚቻለው በላይ እንዳይሆን ይላል። ጠበቃ መያዝ ይችላል፤ ካልሆነለትም ቪላውን በጥሩ ዋጋ ሸጦ መሄድ ይችላል። አዝንለታለሁ፤ ብዙ ግን አላለቅስለትም።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ፤ እዚህ ነገሩ ከሥሩ ይለያል።

ብዙ ሰው «ሕዝብ የተጨናነቀበት መኖሪያ» ሲባል ፎቅ ይታየዋል። ስሕተት ነው። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ አዲስ አበባ በ527 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበራት። ሰፈራችን ያለበት አራዳ ክፍለ ከተማ ብቻውን 10 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በማይሞላ መሬት ላይ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ይዞ ነበር። ሒሳቡን ሥሩት። አራዳ ከከተማው አማካይ አራት እጥፍ ያህል ታጭቆ ይኖር ነበር። በየትኛው ፎቅ? በአብዛኛው መሬት ላይ በተኛ የጭቃ ቤት!

ቤቱ ያን ሁሉ ሰው እንዴት እንደቻለ ያልኖረበት ሰው አይገባውም። አንድ ክፍል ነው። ከቆርቆሮው ሥር የእንጨት ቆጥ አለ፤ ልጆቹ በመሰላል ወጥተው እዚያ ይተኛሉ። ማድ ቤቱ የጋራ ነው፤ መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ቧንቧው የጋራ ነው፤ ቆጣሪው ሳይቀር የጋራ ነውና በየወሩ መጨረሻ ስለ መብራት ሒሳብ መነታረክ ራሱን የቻለ ማኅበራዊ ኑሮ ነው። በዚህ ላይ ደባል አለ። ደባል ማለት በሌላ ሰው ስም በተመዘገበ የቀበሌ ቤት ውስጥ የሚኖር ነው፤ አንዳንዱ ሠላሳ ዓመት ኖሮ፣ ወልዶ ድሮ፣ አሁንም ደባል ነው። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ቤቱ እንዲህ የሆነው ከሰማይ ወርዶ አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርሃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ ገባ፤ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች። ኪራዩም ተቀነሰ። ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን የማይመሰክር ሰው ያን ዘመን አያውቀውም። ግን በጥቂት ብር ኪራይ ጣሪያ አይቀየርም። ቀበሌው ገንዘብ የለውም፤ ተከራዩ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን አያፈስም፤ ላፍስ ቢል እንኳ ማደሻ ፈቃድ ሲለምን ክረምቱ ያልቃል። እንዲህ አርባ ዓመት ሲሄድ ቆርቆሮው ዛገ፣ ግድግዳው ጎበጠ፣ ከዚያም «የተጎሳቆለ ሰፈር» ተባለ። ጉስቁልናውን ያመጣው ደንቡ ነው፤ ነዋሪው ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

በአንድ ነገር ግን ይህ ሰፈር ሀብታም ነበር፦ በቦታው። አንዲት ጉሊት ቸርቻሪ በሐሳባችሁ ውሰዱ። ጎህ ሳይቀድ አትክልት ተራ ትወርዳለች፤ መኪና ሲራገፍ ደርሳ ሽንኩርቷን በቅናሽ ትገዛለች፤ በትከሻዋ ይዛ አሥር ደቂቃ ትሄድና ከቤቷ በር ፊት ትዘረጋለች። ልጇ ትምህርት ቤት በእግሩ ይሄዳል። ሽንኩርቷ ሳይሸጥ ቢያድር ጎረቤት ታበድራታለች፤ ዕቁቧ ሐሙስ ነው፤ እድሯ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። ቤቷን ገምቱ ብትሉ ግምቱ ከበሩ ዋጋ አይበልጥም። ቦታዋን ገምቱ ብትሉ ግን ገማች የለም። መነሣት ሲመጣ ካሳውም ምትኩም ቤቷን ለክቶ ይሰጣታል፤ አሥር ደቂቃዋን የሚለካ ሜትር ግን ማንም አልያዘም።

ስለዚህ ከአትክልት ተራ አካባቢ የሚሰማው ጩኸት ከአርሊንግተኑ ጋር አይገጥምም። እዚህ ተወልጄ ጆሮዬን ሰጥቼ ስሰማ «ፎቅ አይሠራብን» ያለ ሰው ትዝ አይለኝም። እንዲያውም ፎቁን ይወደዋል፤ አራዳ አይደል፣ ዘመናዊነት መቼ ይጠላል? የሚለው ሌላ ነው፦ «ይሠራ፤ በጓሮዬም ይሠራ፤ እኔንም አስገቡኝ።» የአርሊንግተኑ ሰው ሌላ ሰው እንዳይመጣበት ይከራከራል፤ የአራዳው ሰው ራሱ እንዳይወጣ። ሁለቱንም «ልማት የሚቃወሙ ነዋሪዎች» ብሎ በአንድ ጆንያ መክተት ሽንኩርትና ድንችን በአንድ ሚዛን መሸጥ ነው።

የአራዳ ገበያ ሲነቀል የ2012ቱ የመጀመሪያው አይደለም። በፋሺስት ወረራ ዘመን ጣሊያን ይህን አካባቢ ለነጮች አደረገና በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ ወደ ምዕራብ አሻግሮ «የአገሬው ሰው ገበያ» አለው፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው እሱ ነው። ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ የዚያ ዘመን ትራፊ ነው። የዛሬውን ከፋሺስቱ ጋር እያስተካከልኩ አይደለም፤ ያኛው በዘር ሊለይ ነበር፣ የዛሬው ከተማ ሊያሳምር ነው። የማስታውሳችሁ ስለ ገበያው ነው። መርካቶ አድጎ አራዳን አስናቀ። ኃይሌ ጋርመንትም ያድግ ይሆናል፤ ውሃ ቦዩን እንደሚያገኝ ነጋዴም መንገዱን ያገኛል። የገበያው ሠራተኛ፣ ሸካሚው፣ ጉሊቷ፣ ሻይ ቤቷ ግን ገበያውን የሚከተሉበት ቤት የላቸውም።

ኮንዶሚኒየሙስ? ትሉኛላችሁ። ደግ ጥያቄ ነው።

አዲስ አበባ የኮንዶሚኒየምን ነገር የጀመረችው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ አቶ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ በነበሩ ጊዜ፣ በጀርመኑ የልማት ድርጅት በጂቲዜድ እገዛ፣ በቦሌ ገርጂ በተሠራ ሙከራ። ሕጉ ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995። በ1997ቱ ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ደግሞ 10/90፣ 20/80፣ 40/60 በሚባሉ የቁጠባ መርሐ ግብሮች እንደገና ሲመዘገብ ቁጥሩ ከ900 ሺህ አለፈ። ያን ሰልፍ ያየ ሰው የዚህ ከተማ ሕዝብ ፎቅ ይጠላል ሊል አይችልም።

እኔ ኮንዶሚኒየምን አልነቅፍም። በሩ የሚቆለፍ የራስ ሽንት ቤት ምን ማለት እንደሆነ ከአሥር ቤተሰብ ጋር ተሰልፎ ያደገ ሰው ይነግራችኋል። ለእናቶቻችን ክብር ነው። ሆኖም ሁለት ነገር ተበላሸ። የመጀመሪያው ሥሪቱ ነው። የምድር ቤቱ ሱቆች በጨረታ ተሸጡ፤ ጨረታውን ያሸነፈ ደግሞ ጉሊቷ አይደለችም፤ ጉሊትም አራተኛ ፎቅ ላይ አይዘረጋም። እንጀራ መጋገሪያ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ በበዓል በግ ማረጃ ይሆናል ተብሎ በየሳይቱ «ኮሚናል» የሚባል የጋራ ቤት ተሠራ፤ ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ብዙው ዛሬ የኪራይ ገቢ ማግኛ ሆኗል። እንጀራው ጢሱን ይዞ ወደ ደረጃው ወጣ፤ በጉም በረንዳ ላይ።

ሁለተኛው ቦታው ነው። መሬት የተገኘው ዳር ነበር፤ ስለዚህ ቤቱ ዳር ተሠራ። መካከሉ ባዶ እየሆነ፣ ዳሩ እየሞላ ሄደ። እዚህ ላይ ነው የአትክልት ተራ ጩኸት ከሌላ ጩኸት ጋር የሚገናኘው።

የካቲት 27 ቀን 2011 ከተማው በአንድ ቀን ለ51,229 ቤቶች ዕጣ አወጣ፤ 32,653ቱ የ20/80፣ 18,576ቱ የ40/60። ዕጣ የደረሰው ሰው እልል አለ፤ ከ1997 ጀምሮ ተመዝግቦ የጠበቀ ነበር፣ ተከራይቶ ጸጉሩ የሸበተ ነበር። እልልታው ሳያባራ በኦሮሚያ ከተሞች ሰልፍ ወጣ። ምክንያቱ ኮዬ ፈጬ ነበር፤ ከፒያሳ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የተሠራው ግዙፍ ሳይት። የኦሮሚያ ክልል መንግሥት ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ወሰን ሳይለይ ቤቶቹ አይተላለፉም አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ አቋቋሙ። በአዲስ አበባ በኩል ደግሞ በባልደራስ አዳራሽ የተሰበሰቡ ነዋሪዎች ገንዘባችን፣ ቤታችን አሉ።

ነገሩን ወዲያው የብሔር ጠብ አደረግነው። የወሰኑ ፖለቲካ እውነት ነው፤ ከዚያ በፊት በ2006 የተጀመረው የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ስንት ሕይወት ቀጥፎ በጥር 2008 ዕቅዱ እንደተሠረዘ ሁላችን እናውቃለን። እኔ ግን አንዴ ፖለቲካውን ወደ ጎን አድርጋችሁ ገበሬውን ብቻ እንድታዩት እለምናለሁ። ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ነበረው። በዚያን ጊዜ የነበረው አዋጅ 455/1997 ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ የአማካይ ዓመታዊ ገቢውን አሥር እጥፍ ካሳ ይሰጠው ነበር። ያ ገንዘብ በጥቂት ዓመት አለቀ። ማሳው ላይ የቆመውን ፎቅ በየቀኑ ያያል፤ ልጁ ግን ሳይቱ ውስጥ ዘበኛ ወይ ሸካሚ ነው። ይህ ሰው የጮኸው ከፍታ ጠልቶ ነው? ጎረቤት ጠልቶ ነው? ጩኸቱን አድምጡት፤ «እኔስ የት ነኝ?» ነው የሚለው። የእሪ በከንቱ ሰው ቃል በቃል የሚለውን ነው።

ይህ ነው ዛሬ ላስረዳችሁ የመጣሁት። የፒያሳው ተነሺና የኮዬው ገበሬ ባላንጣ ተደርገው ተቀርጸዋል፤ አንዱ የሌላውን መሬት የወሰደ ይመስል። በውነቱ የአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ናቸው። ከመካከል ሰው በተነሣ ቁጥር ዳር ላይ ማሳ ይታጠፋል። መካከል ላይ አንድ ሺህ ቤት ብንሠራ ኖሮ ዳር ላይ የአንድ ሺህ ቤት ማሳ ጤፍ ያበቅል ነበር።

ሕጉ ምን ይላል? ከኮዬ ፈጬ ቁጣ ጥቂት ወራት በኋላ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ አዲስ አዋጅ አጸደቀ፤ ቁጥር 1161/2011። የገበሬውን ካሳ ወደ አሥራ አምስት እጥፍ አሳደገው፤ ስሌቱም ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ላይ ሆነ። ባለይዞታዎችን መሬታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ማማከር ግዴታ ነው አለ። ከዚህም በላይ አንድ የሚያስደስት ነገር አስገባ፦ መልሶ በሚለማ የከተማ ቦታ ላይ ያለ ባለይዞታ፣ ዐቅም ካለው፣ ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር ተሰባስቦ መሬቱን በፕላኑ መሠረት የማልማት ቅድሚያ መብት አለው። «እኔንም አስገቡኝ» የሚለው ጩኸት ሕግ ሆኖ ተጽፏል ማለት ነው።

ችግሩ «ባለይዞታ» የሚለው ቃል ነው። በአራዳ ብዙ ነዋሪ ባለይዞታ አይደለም፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ ነው። እሱ ምትክ ቤት ያገኛል፤ የት እንደሚያገኝ ግን የሚመርጠው ሌላ ነው። ደባሉስ? ስሙ መዝገብ ላይ የለም። ሠላሳ ዓመት የኖረበት ሰፈር ሲፈርስ እንግዳ ሆኖ ይቆጠራል። የካርታ ባለቤቱ መብት ሦስት ገጽ ሲሆን የደባሉ አንድ መስመር አይሞላም። እኔ ብጠየቅ የመልሶ ማልማት ሕግ የሚመዘነው ለካርታ ባለቤቱ ስንት ብር ሰጠ በሚለው አይደለም፤ ደባሉን ስንተኛው ገጽ ላይ አነሣው በሚለው ነው።

ስለ አንድ ዓመቱ ምክክርም አንድ ነገር ልበል። በ2016 በፒያሳ በቀናት ውስጥ ልቀቁ የተባሉ ነዋሪዎች እንደነበሩ በወቅቱ ተዘግቧል። አስተዳደሩ አወያይተናል፣ ምርጫ ሰጥተናል ብሏል። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም በኛ አገር «ውይይት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ያለቀ ነገር የሚነገርበት ስብሰባ ነው። ሰዎች ይጨበጭባሉ፤ ቃለ ጉባኤው «ሕዝቡ በደስታ ተቀብሏል» ይላል፤ ማጉረምረሙ ከአዳራሹ በር ውጪ ይጀምራል። አርሊንግተኖች ቢያንስ በዚህ ይበልጡናል፤ ጩኸታቸው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል።

አንዳንዱ ደግሞ፣ ሰውን ከነበረበት ሳያርቁ ፎቅ መሥራት የሕልም እንጀራ ነው ይላል። አይደለም። በ1961 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሲንጋፖር ቡኪት ሆ ስዊ የሚባል የእንጨት ቤቶች ሰፈር ተቃጠለና 16 ሺህ ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። የቤቶች ልማት ቦርዳቸው የተቋቋመ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። በዚያው በተቃጠለው መሬት ላይ ፎቅ ሠሩና ቤት ከተቃጠለባቸውም ሰዎች መልሰው አስገቡ። ዛሬ ከአገሩ ነዋሪ 80 በመቶ ገደማ የሚኖረው መንግሥት በሠራው ፎቅ ነው። ሲንጋፖርም ያለ እንባ አልሆነላትም፤ ከመንደሩ አልነሣም ብሎ የታገለ ብዙ ነበር። ሆኖም በዚያ ሰፈር ፎቁ የቆመው ሰዎቹ በነበሩበት ቦታ ላይ ነው። እኛም ሙከራው ጠፍቶብን አይደለም። በልደታ መልሶ ማልማት ሰፈሩ ፈርሶ በዚያው መሬት ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። መሐንዲሶቻችን ይችሉበታል ማለት ነው፤ የቀረው ቁልፉን ለማን እንስጥ የሚለው ነው።

አሁን ከበድ ያለውን ክርክር ልመልስ። «የፒያሳ መሬት ውድ ነው፤ በሊዝ ቢሸጥ ለከተማው ገቢ ነው፤ በዚያ ገቢ ዳር ላይ ሦስት እጥፍ ቤት ይሠራል» ይላሉ። ሒሳቡ ግማሽ ሒሳብ ነው። ዳር ላይ ለሚሠራው ቤት መንገድ፣ የውሃ መስመር፣ የመብራት ትራንስፎርመር፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ አዲስ ይዘረጋል። ውሃ ሳይገባ ሰው የገባባቸው ሳይቶች እንደነበሩ ስንቶቻችሁ ጀሪካን ተሸክማችሁ አይታችሁታል! መካከል ላይ ይህ ሁሉ አለ፤ እንዲያውም መንግሥት በብድር ብዙ ገንዘብ አፍስሶ የባቡር ሐዲድ እስከ ምኒልክ አደባባይ አምጥቷል። ባቡር ተሳፋሪ ይፈልጋል። ከፌርማታው አጠገብ ይኖር የነበረውን ሰው አንሥቶ ሐዲድ ወደማይደርስበት መውሰድ በየትኛው የኢኮኖሚ ትምህርት ይደገፋል?

ፕላኑም የሚደግፈው ይህንኑ ነው። በ2009 የጸደቀው የከተማው መዋቅራዊ ፕላን መሬቱን ለመንገድ 30፣ ለአረንጓዴ 30፣ ለግንባታ 40 በመቶ አድርጎ ይከፍላል። ለግንባታ የቀረው 40 ብቻ ከሆነ ከተማው ወደ ላይ ሳያድግ መኖር አይችልም። ስለዚህ በፎቁ ላይ የሚደረግ ክርክር ያለቀ ክርክር ነው፤ ፎቁ ይመጣል። ያላለቀው በፎቁ ውስጥ ስለሚኖረው ሰው ነው። አትክልት ተራ አካባቢ የሚቆመው ሕንፃ ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ከላይ ቢሮ፣ ከዚያ በላይ ሆቴል ሆኖ ማታ መብራቱ የሚጠፋ ከሆነ የሠራነው መታያ ነው፤ ሰፈር አይባልም። ፒያሳ ማታ ማታ ሰው አልባ ስትሆን ያየ የአራዳ ልጅ ምን እንደሚሰማው ልነግራችሁ አያስፈልግም።

«ሁሉም ፒያሳ ልኑር ካለ አይበቃም» የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው፤ አይበቃም። ግን ሁሉም አላለም። ልጆቹን ይዞ ሰፋ ወዳለ ቤት መሄድ የፈለገ ብዙ ነበር፤ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገብቶ ደስ ብሎት የሚኖር አውቃለሁ፤ ይሂድ፣ ይቅናው። መቆየት የፈለገው ግን ይጠየቅ። ስንት እንደሆነ ይቆጠር። በዚያው መሬት ላይ ከሚሠራው ሕንፃ ያን ያህል ቤት ይመደብ፤ ደባሉም አብሮ ይቆጠር፤ ከምድር ቤቱ ሱቅም ጨረታ የማያውቀው መደብ ለጉሊቷ ይተው። ይህ ምጽዋት አይደለም። ቦታውን ቦታ ያደረጉት እነሱ ናቸው፤ ለሊዝ ገዢው ያን ዋጋ ያስጨመረው አንድ ምዕተ ዓመት ያሞቁት ሰፈር ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣ ከእናንተ መካከል ነገ ወይም ከነገ ወዲያ በወረዳው ለውይይት የሚጠራ ይኖራል። ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ ስክሪኑ ላይ የሚያምር ሥዕል ያሳዩዋችኋል፤ መስተዋት፣ ፏፏቴ፣ ዘንባባ። ሥዕሉን አድንቁ፤ የሚደነቅ ነውና። ከዚያ እጃችሁን አውጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ከዚህ ሕንፃ ውስጥ ዛሬ እዚህ ለሚኖር ሰው የተያዘው ስንት ቤት ነው? ቁጥሩ እስኪነገራችሁ አትቀመጡ፤ ሲነገራችሁም ቃለ ጉባኤው ላይ መጻፉን አይታችሁ ፈርሙ።